ከፓፒኖ እስከ ሌቬክ፦ የኩቤክ የጉዞ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ሞንትሪያል

ለካናዳ ዜግነት ፈተና ያጠና ሰው ሁሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ መሪዎቹን ላፎንቴንንና ካርትዬን በስም ያውቃቸዋል። የጥናት መጽሐፉ ለእያንዳንዳቸው ጥቂት መስመር ይሰጥና ያልፋል። ከፈተናው በኋላ የመናፈሻና የመንገድ ስም ሆነው ይቀራሉ። ሕይወታቸውን ሲከታተሉት ግን ሌላ ነገር ይወጣል። በመንግሥት ጦር ላይ የተኮሰው ልጅ የጦር ሚኒስትር ይሆናል። ከእነሱ ቀድሞ የነበረው የሕዝብ ጠበቃ ፓፒኖ ባለ ጉልት ሆኖ ይገኛል። እኔን የሳበኝ ይኸው እርስ በርሱ የሚጋጨው ነገር ነው። የፈረንሳይ ካናዳን መሪዎች ዱካ ልከተል በሐምሌ ከቶሮንቶ መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመተ ምህረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሞንትሪያል ያረፍኩት የአጎቴ ልጅ ቤት ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ታክሲ ይነዳል። ልጆቹ ሲጣሉም ሲታረቁም በፈረንሳይኛ ነው። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1977 የወጣው ሕግ 101 የስደተኛ ልጆች በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ያደርጋል። ሕጉን ያወጣው የረኔ ሌቬክ መንግሥት ነው፤ ሌቬክ ኩቤክ ከካናዳ እንድትለይ የታገለ የኩቤክ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር።

ጋሼ ስለ ሌቬክና እሱን ስለተቃወመው የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ፒየር ትሩዶ የሚላት ቀልድ አለችው። «ሥራዬ ምን መሰለህ? ከሌቬክ አነሳለሁ፣ ትሩዶ አወርዳለሁ።» ሌቬክ የመሀል ከተማው ትልቅ ጎዳና ነው። ትሩዶ አውሮፕላን ማረፊያው ነው። በሕይወት እያሉ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያስጨንቃቸው የነበሩ ሁለት ሰዎች አሁን በታክሲ ሂሳብ ተገናኝተዋል። ጎዳናው ራሱ ድሮ ዶርቼስተር ይባል ነበር። ሌቬክ በ1987 ሲሞት በስሙ ተሰየመ። ወደ ምዕራብ ሲነዱ ግን ዌስትማውንት የምትባለው የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከተማ ድንበር ላይ ታፔላው ይቀየርና እንደገና ዶርቼስተር ይሆናል። አስፋልቱ ያው ነው፣ መብራቱ ያው ነው። ጋሼ ሆን ብሎ አዙሮ አሳየኝ።

ከሰዓት በኋላ አሮጌው ሞንትሪያል ገባን። ኖትርዳም መንገድ ላይ የዦርዥ ኤትየን ካርትዬ ቤት አለ፤ አሁን ሙዚየም ነው። ከባድ መጋረጃ፣ የተወለወለ እንጨት፣ የሀብታም ጠበቃ ቤት። ካርትዬ ግራንድ ትራንክ የሚባለው የባቡር ኩባንያ ጠበቃ ነበር፤ ያውም በመንግሥት ሥልጣን ላይ እያለ። ዛሬ ቢሆን ስንት ኮሚሽን በተቋቋመበት! በዚያን ጊዜ ግን ነውር ብሎ የደነገጠ ብዙም አልነበረም።

ከዚያ ትንሽ በእግር ሄደን ፕላስ ዲዩቪል ደረስን። የዛሬ ሰዎች ቡና የሚጠጡበት ቦታ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1849 እዚህ የነበረው የካናዳ ፓርላማ ተቃጠለ። ያቃጠሉት ደግሞ ለንግሥቲቱ ታማኝ ነን የሚሉት ናቸው። ምክንያቱ አንድ ሕግ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሣው የ1837 እና 38 አመጽ ንብረታቸው ለወደመባቸው ሰዎች ካሳ ይከፈል የሚል። «አማጺን እንሸልም ወይ?» ብለው ተነሡ። ሕጉን ያቀረበው የሉዊ ኢፖሊት ላፎንቴን መንግሥት ነበር። ፓርላማውን ያቃጠሉት ወገኖች የላፎንቴንንም ቤት ሰባበሩት። እሱ ግን ሕጉን አልሳበም፤ እንደራሴው ሎርድ ኤልጂንም ፊርማውን አላነሣም። በሕዝብ የተመረጠ ካቢኔ አገር ይመራል የሚለው ነገር በወረቀት የተገኘው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የተፈተነው ግን በዚያ እሳት ነው።

እሑድ፣ ሞንትሪያል

ሞን ሮያል ተራራ ግርጌ የካርትዬ ትልቅ ሐውልት አለ። በ1919 የተመረቀ ነው፣ ጫፉ ላይ ክንፍ ያላት ሴት ቆማለች። በበጋ እሑድ እሑድ ከበሮ የያዘ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ከምዕራብ አፍሪካ ጀምቤ እስከ ባልዲ ድረስ ይመታል። ካርትዬ ከላይ ሆኖ ያያል። ጸጥታ የሚወድ ሰው ቢሆን ኖሮ አዝንለት ነበር፤ ግን እሱም በወጣትነቱ ዘፈን የሚደርስና በግብዣ ላይ የሚዘፍን ሰው ነበር ይባላል።

ከዚያ ወደ ላፎንቴን መናፈሻ። ሰዉ ሣር ላይ ተኝቷል። ሐውልቱን ዞር ብሎ ያየ ሰው አላየሁም። እኔ ደግሞ ለዚህ ሰው ልዩ ፍቅር አለኝ፤ ምክንያቱም ታሪኩ የኔን ሠፈር ይነካል። በ1841 ሁለቱ ካናዳዎች፣ የላይኛው (የዛሬው ኦንታርዮ) እና የታችኛው (የዛሬው ኩቤክ)፣ በግድ ተዋሕደው የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ ላፎንቴን በቴረቦን ተወዳደረ። የምርጫ ጣቢያው ኒው ግላስጎ በሚባል የስኮትላንዶች መንደር ተደረገ። ዱላ የያዙ ሰዎች መንገዱን ዘግተው ጠበቁት። ደም እንዳይፈስ ብሎ ደጋፊዎቹን መልሶ ወጣ።

ያኔ የቶሮንቶው ፖለቲከኛ ሮበርት ባልድዊን አንድ ነገር አደረገ። ከቶሮንቶ ሰሜን ያለውን የዮርክ ወንበር ለላፎንቴን ሰጠው። እዚያ ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው በመብራት ተፈልጎ አይገኝም። ገበሬዎቹ ግን መረጡት። ሻሮን በምትባለው መንደር የሰላም ልጆች የሚባሉ ሃይማኖተኞች ደግፈውታል፤ ቤተ መቅደሳቸው ዛሬም ቆሟል። በኋላ ባልድዊን በተራው ወንበር ሲያጣ ፈረንሳዮቹ ሪሙስኪ ላይ መረጡት። በ1842 ላፎንቴን ኪንግስተን ፓርላማ ውስጥ ሲናገር በእንግሊዝኛ እንዲያደርገው ተጠየቀ። እንግሊዝኛ እንደ ፈረንሳይኛ ባውቅ እንኳ የመጀመሪያ ንግግሬን በሕዝቤ ቋንቋ አደርግ ነበር አለ። ፈረንሳይኛ በዚያ ፓርላማ መብት አልነበረውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሎርድ ኤልጂን ራሱ የመክፈቻውን ንግግር በሁለቱም ቋንቋ አነበበ።

ሰኞ፣ የሪሽሊዩ ሸለቆ

ጋሼ ዕረፍት ወስዶ አብሮኝ ወጣ። የበቆሎ ማሳ፣ ወንዝ፣ በየመንደሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ለመንደሩ የሚበልጥ ቤተ ክርስቲያን። ሳን ደኒ ስንደርስ አንድ ባንዲራ ዓይኔን ያዘው። ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ቀይ። ልቤ ትንሽ ዘለለ። መሀሉ ግን ነጭ ነው። የ1837 አርበኞች ባንዲራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሉዊ ዦዜፍ ፓፒኖ ከ1815 ጀምሮ የታችኛው ካናዳ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር። ምክር ቤቱ ይመረጣል፤ ሥልጣኑ ግን ለንደን በምትሾመው ገዥና በዙሪያው ባሉ ሰዎች እጅ ነው። በ1834 የእሱ ወገን ቅሬታውን የዘረዘሩ 92 ውሳኔዎች ለለንደን ላከ። ለሦስት ዓመት መልስ የለም። ሲመጣም እንቢ ሆኖ መጣ። ኅዳር 23 ቀን 1837 ሳን ደኒ ላይ ተኩስ ተከፈተ። የእንግሊዝ ጦር ሌሊቱን በዝናብና በጭቃ ሲጓዝ አድሮ ነው የደረሰው። ገበሬዎቹ የድንጋይ ቤት ውስጥ ሆነው ቀኑን ሙሉ ተዋጉና አሸነፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ሳን ሻርል ላይ ተሸነፉ። የሳን ደኒ ድል ይህቺው ናት። ጦሩ ተመልሶ መጥቶ መንደሩን አቃጠለ።

ፓፒኖ የት ነበር? መንደሩ ውስጥ ነበር፤ ተኩሱ እንደተጀመረ ወጥቶ ሄደ። የጦሩ መሪ ዶክተር ዎልፍሬድ ኔልሰን አንተ ለድርድር ታስፈልጋለህ፣ ሂድ አለኝ ይላል እሱ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ሁለቱ ሲጣሉ ኔልሰን አልላክሁትም፣ ሸሸ አለ። የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ጋሼ መኪናው ውስጥ ፍርዱን ሰጠ፦ «መሪ አፈሙዝ ፊት ቢቆም ኖሮ ሐውልቱ ይበልጥ ነበር፣ ዕድሜው ግን ያጥር ነበር።» ለፓፒኖ ራስ 1,000 ፓውንድ ተለጥፎበት ወደ አሜሪካ ተሻገረ፣ ከዚያ ወደ ፈረንሳይ። የተመለሰው በ1845 ነው።

ከወንዙ ማዶ ሳን አንቷን አለች፤ ካርትዬ የተወለደባት መንደር። በሁለቱ መንደሮች መሀል መኪና የምታሻግር ትንሽ ጀልባ አለች። ተሻገርን። የ23 ዓመቱ ካርትዬ ያን ቀን ሳን ደኒ ውጊያ ውስጥ ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ በአንድ ገበሬ ቤት ተደበቀ። ሰዉ ጫካ ውስጥ በብርድ ሞተ ብሎ አወራ፤ ጋዜጣም ሞቱን አውጥቶ ስለ መልካም ባሕርዩ ጻፈ። ሟቹ ግን ክረምቱን ሙሉ ሲበላና ሲጠጣ ነበር። በፀደይ ወደ አሜሪካ ሸሸ፣ በዚያው ዓመት ተመልሶ ጥብቅናውን ቀጠለ። በ1867 ካናዳ ኮንፌደሬሽን ስትሆን ዋና መሐንዲስ ከሆኑት አንዱ እሱ ነው። ሹመቱስ? የአገሪቱ የመጀመሪያው የሚሊሺያና መከላከያ ሚኒስትር! ከውጊያው 30 ዓመት በኋላ። ዶክተር ኔልሰንም የሞንትሪያል ከንቲባ ሆኗል።

በእኛ አገር ታሪክ ሸፍቶ የተሾመ ሰው አይጠፋም። ግን እዚህ የገረመኝ ሌላ ነው። ካርትዬ ተለማምጦ አልገባም። አመጹ ያልሰጠውን ነገር፣ ማለትም ፈረንሳዮቹ የራሳቸው ፓርላማና የራሳቸው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያላቸው ክፍለ ሀገር፣ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ይዞ ወጣ። ይህ መሸነፍ ነው ወይስ ማሸነፍ? ኩቤክ ውስጥ ይህን ጥያቄ ምሳ ላይ ማንሣት ምሳውን ማራዘም ነው።

ማክሰኞ፣ ኩቤክ ከተማ

ቅጥሩ፣ ቁልቁለቱ፣ ቱሪስቱ። ስለ እሱ ሌሎች ጽፈዋል። እኔ በቀጥታ ወደ ፓርላማው ግቢ።

እዚህ የሁለት ሰው ሐውልት ታሪክ ይጣፍጣል። አንደኛው ሞሪስ ዱፕለሲ ነው። ከ1936 እስከ 39 ከዚያም ከ1944 እስከ ሞተበት 1959 ኩቤክን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የገዛ። ሰማያዊና ነጩን የኩቤክ ባንዲራ በ1948 የሰቀለው እሱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ጋር እጅና ጓንት ነበር። ገነት ሰማያዊ ነው፣ ሲኦል ቀይ ነው እየተባለ ተሰብኳል፤ ሰማያዊው የእሱ ፓርቲ ቀለም፣ ቀዩ የሊበራሎች። የኮሚኒስት ነው የተባለን ቤት በቁልፍ የሚያሽግ ሕግ አወጣ፣ ሠራተኛ ማኅበራትን በፖሊስ አሳደደ። ሲሞት ሐውልት ተሠራለት። ግን የመጣው መንግሥት ሁሉ ለማቆም እየፈራ ሐውልቱ ለዓመታት ተደብቆ ቆየ። በ1977 አውጥቶ ያቆመው ማን ነው? ሌቬክ። የዱፕለሲን ዘመን ሲታገል የኖረው ሰው።

የሌቬክ የራሱ ሐውልት ደግሞ በቁመቱ ልክ ነበር የተሠራው። አጭር ሰው ነበርና ሐውልቱም አጭር ሆነ። ሰዉ አጉረመረመ። በ2001 ተለቅ ባለ ሐውልት ተተካ፤ ትንሹ ወዳደገበት ኒው ካርላይል ተላከ። ትልቁ አጠገብ ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሹን ብመርጥ ደስ ይለኝ ነበር። ያ ሰው በቴሌቪዥን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ሲጋራ በእጁ፣ ለገበሬና ለሠራተኛ የዓለምን ፖለቲካ ሲያስረዳ ነው ሰው የወደደው። ግዝፈት አልነበረውም።

በ1960 ሊበራሉ ዣን ለሳዥ ሲያሸንፍ ሌቬክን ሚኒስትር አደረገው። ሌቬክ የግል የመብራት ኩባንያዎችን መንግሥት ይውሰዳቸው አለ። በ1962 «በቤታችን ጌቶች» በሚል መፈክር ምርጫ ተደርጎ አሸነፉ፤ በ1963 ኩባንያዎቹ ወደ ሃይድሮ ኩቤክ ገቡ። እዚህ ሰው የመብራት ሂሳቡን ሲያወራ ፖለቲካ እንደሚያወራ አስተውያለሁ።

ረቡዕ፣ ሲለሪ

ሌቬክ የተቀበረው ከከተማው ወጣ ብሎ ሲለሪ በሚባል ሠፈር ነው። መቃብሩ ቀላል ነው። ድንጋዩ ላይ ገጣሚው ፌሊክስ ለክሌር የጻፈው አለ፤ ከሕዝብ ነጻ አውጪዎች አጭር ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል። ነጻ አውጥቷል ወይ? ስለ ኩቤክ ነጻነት በተደረገው የ1980 ሕዝበ ውሳኔ ከ100 ወደ 60 የሚጠጋው ሕዝብ አይሆንም አለው። ያን ሌሊት መድረክ ላይ ወጥቶ የሚያለቅሰውን አዳራሽ አረጋጋ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ እንገናኝ ብሎ ወረደ። ማንም ድንጋይ አልወረወረም።

የሚቀጥለው ጊዜ 1995 ነው። 50.58 ለ 49.42፤ ካናዳ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ተረፈች። ያኔ ሌቬክ የለም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዣክ ፓሪዞ ነበሩ። ጋሼ በዚያ ቀን ከመረጡት አንዱ ነው። አይሆንም ነው ያለው። ማታ ቴሌቪዥን ላይ ፓሪዞ ወጥተው የተሸነፍነው በገንዘብና በብሔረሰቦች ድምፅ ነው ሲሉ ሰማ። «ሳሎን ውስጥ ያለነው ሁላችንም ተያየን፤ እኛን ነው እንዴ?» አለኝ። ፓሪዞ በማግስቱ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። ጋሼ ግን ሌቬክ ቢሆን ኖሮ ያን አይናገርም ነበር ይላል። እኔም ከመቃብሩ አጠገብ ሆኜ አልተከራከርኩትም።

እዚህ አገር ስሆን አንድ የኛ ጉዳይ ትዝ ይለኛል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጦርነቱ በኋላ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ ያስመጧቸው ኢየሱሳውያን ከዚሁ ከፈረንሳይ ካናዳ የመጡ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ዶክተር ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መሩ። በዱፕለሲ ዘመን ኩቤክ ውስጥ ትምህርት ቤት ማለት ቄስና መነኩሲት ማለት ነበር። ለሳዥ የትምህርት ሚኒስቴር ያቋቋመው በ1964 ነው። ብዙ የኛ አባቶች የተማሩት እንግዲህ ኩቤክ ራሷ ልትሰናበተው ከነበረ ሥርዓት በወጡ መምህራን ነው።

ሐሙስ፣ ሳን ቱስታሽና ሞንቴቤሎ

ጋሼን ሞንትሪያል አውርጄ ብቻዬን ወደ ምዕራብ። ሳን ቱስታሽ ላይ ቆምኩ። ታኅሣሥ 14 ቀን 1837 ዶክተር ዣን ኦሊቪዬ ሼኒዬና ሰዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብተው መሸጉ። ጦሩ በመድፍ ደበደበው፣ ከዚያ አቃጠለው። በመስኮት የዘለሉት ተገደሉ፤ ሼኒዬም። የፊቱ ግድግዳ ላይ የመድፍ ጥይት የቦረቦራቸው ጉድጓዶች ዛሬም አሉ። አንዱ ውስጥ ርግብ ጎጆ ለመሥራት ጭራሮ ትቆልላለች።

ሞንቴቤሎ የፓፒኖ ቤት ነው። ከስደት ሲመለስ በኦታዋ ወንዝ ዳር ትልቅ ቤት አሠራ። ለመጻሕፍቱ ብቻ ከእሳት የሚጠበቅ ግንብ አለው። በዚህ ሰው የተነሣ ጎበዝ ጭንቅላት ማለት የፓፒኖ ጭንቅላት ሆኗል። ግን ይህ ሁሉ የቆመው በምን ነው? በጉልት። ፓፒኖ የፕቲት ናስዮን ባለ ጉልት ነበር። ጭሰኞቹ ግብር ይከፍላሉ፣ ካልከፈሉ ይከሰሳሉ። በ1854 ጉልት ሲሻር ተቃወመ። መሬት ላራሹን የሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ቆም ማለቱ አይቀርም። ለአሜሪካ ሪፐብሊክ የሚሟገት፣ ለቄስ የማይገዛ፣ ሲሞት እንኳ ቄሱን የመለሰ ሰው፤ ከጭሰኛው ላይ ግን ሳንቲም የማይምር።

የልጁ ልጅ አንሪ ቡራሳ ነው፤ በ1890 የሞንቴቤሎ ከንቲባ የነበረ፣ በ1910 ለ ደቩዋር የተባለውን እስካሁን የሚታተም ጋዜጣ ያቋቋመ። የአያቱን እልኸኝነት ወርሷል፤ ሃይማኖቱን ግን አልወረሰም፣ እሱ የለየለት ካቶሊክ ነበር።

አርብ፣ ኦታዋ

ሰማያዊው የአምስት ዶላር ኖት ላይ ያለው ሰው ዊልፍሬድ ሎሪዬ ነው። ከ1896 እስከ 1911 ጠቅላይ ሚኒስትር፤ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የመጀመሪያው። አባቱ በልጅነቱ እንግሊዝኛ ይማር ብሎ ስኮትላንዶች ጋ ላከው። የት? ኒው ግላስጎ! ላፎንቴንን በዱላ የመለሰችው መንደር። በአሥር ዓመት ገደማ ልዩነት።

ኦታዋ ያለው ቤቱ ሙዚየም ነው። ከሚስቱ በኋላ ሌላው ጠቅላይ ሚኒስትር ማኬንዚ ኪንግ ስለኖረበት የሱ ዕቃ ይበዛል፤ ኪንግ ከሞቱ ሰዎች ጋር እነጋገራለሁ የሚል ሰው ነበርና የመስታወት ኳስ ጭምር አለ። ለሎሪዬ አዘንኩ፤ በራሱ ቤት እንግዳ ሆኗል። በሕይወቱም እንደዚሁ ነበር። በ1885 በመንግሥት ላይ ያመፀው የሜቲሶቹ (ከነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን የተወለዱ ሕዝብ) መሪ ሉዊ ሪየል ሲሰቀል ሎሪዬ ሞንትሪያል ላይ ቆሞ በሳስካችዋን ወንዝ ዳር ብወለድ እኔም ጠመንጃ አነሣ ነበር አለ። በ1899 ደግሞ ለቦር ጦርነት ወታደር ላከ፤ ቡራሳ ተቆጥቶ ወንበሩን ለቀቀ። ኩቤክ ውስጥ ለእንግሊዝ የተሸጠ፣ ኦንታርዮ ውስጥ ለፈረንሳይ ያደረ እባላለሁ ብሎ ራሱ ተናግሯል። በ1917 አስገዳጅ ምልመላን ሲቃወም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጓዶቹ ጥለውት ሄዱ። ከኩቤክ 65 ወንበሮች 62ቱን አሸነፈ፣ ምርጫውን ግን ተሸነፈ።

ሻቶ ሎሪዬ ሆቴል ፊት ለፊት የድሮው ባቡር ጣቢያ አለ። ኅዳር 1981 እዚያ የሕገ መንግሥት ስብሰባ ነበር። ትሩዶና የአሥሩ ክፍለ ሀገር መሪዎች ተሟግተው መቋጫ አጥተዋል። ማታ ሌቬክና ሰዎቹ ወንዙን ተሻግረው ኸል ሄደው ተኙ። የትሩዶ ሚኒስትር ዣን ክረትዬን፣ እሱም የኩቤክ ልጅ፣ ከሁለት የክፍለ ሀገር ሚኒስትሮች ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ገብቶ በቁራጭ ወረቀት ስምምነት ጻፈ። ሌሎቹ መሪዎች ሌሊቱን ተስማሙ። ሌቬክ ጠዋት ለቁርስ ሲመጣ ነገሩ አልቋል። ኩቤክ ያንን ሕገ መንግሥት እስከ ዛሬ አልፈረመችም። ድልድዩን በእግር ተሻግሬ አየሁት። ረጅም አይደለም። ስልክ ነበር፤ አንድ ሰው ቢደውል ኖሮ ሌቬክ ቡና ሳይፈላ ይደርስ ነበር።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የሳን ደኒ ጀልባ በረዶ ሲመጣ ይቆማል፤ የመሪዎቹ ቤቶችም ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደሉምና ቀድማችሁ አረጋግጡ። ጊዜ ከሌላችሁ የኩቤክን ቅጥር ዝለሉና ሳን ቱስታሽን እዩ።